ጋሽ ሷሊሕ ጂፒኤስ ሲመርጡ

ሐኪሙ «በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» ባላቸው ጊዜ ጋሽ ሷሊሕ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ወዴት?»

«ወደ ፈለጉት። ዋናው መሄዱ ነው» አለ ሐኪሙ።

መልሱ አላረካቸውም። ጋሽ ሷሊሕ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽንኩርት ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከቤት የሚወጡት ወይ ማሳ ሊያዩ፣ ወይ መኪና ሊያስጭኑ፣ ወይ ለቅሶ ሊደርሱ፣ ወይ መስጊድ ሊሄዱ ነው። ያለ ጉዳይ መሄድ የሚባል ነገር አያውቁም። ስኳራቸው ከፍ ማለቱ ግን አስፈርቷቸዋልና ፀሐይ በረድ ሲል ከቤት ወጡ።

ገና አስፋልቱ ላይ ከመድረሳቸው አንድ ባጃጅ አጠገባቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ ይግቡ ላድርስዎ!»

«በእግሬ ነኝ።»

«ምነው፣ ቸገረዎት እንዴ? በነፃ አደርስዎታለሁ!»

እምቢ ሲሉት ሌላ ባጃጅ መጣ። የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሄዱ ይጠይቃል፤ የትም እንደማይሄዱ ሲናገሩ ደግሞ ፊቱ ይለወጣል። በማግሥቱም ወጡ። ማታ አንድ የአክስታቸው ልጅ ስኳርና ብስኩት ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ፤ ጋሽ ሷሊሕ ሐሳብ ገብቷቸው ብቻቸውን ይዞራሉ የሚል ወሬ ሰምቶ ኖሯል። ከዚያ በኋላ በር ዘግተው ቁጭ አሉ።

«ስሜን ከማጠፋ ከነስኳሬ ብኖር ይሻለኛል» አሉ ለሚስታቸው ለእትዬ ጣይባ።

እትዬ ጣይባ ጉዳዩን ለልጃቸው ለኑርሃን አወሩ። ኑርሃን አዲስ አበባ ካርታ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ለአረፋ ስትመጣ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና፣

«አባ፣ የጠፋው ጉዳይ ከሆነ እኔ ጉዳይ እሰጥሃለሁ» አለች። «ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ሰው ትንሽ ሳጥን አንድ ቦታ ይደብቅና የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። ሌላው ደግሞ በሳተላይት እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል።»

«ሲያገኘውስ?»

«ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እንደነበረ ይመልሰዋል።»

«ወስዶ አይሸጠውም?»

«አይሸጠውም።»

«ታዲያ የደበቀው ምን ያተርፋል?»

«ምንም።»

«ያገኘውስ?»

«እሱም ምንም።»

ጋሽ ሷሊሕ እንዲህ ያለ ንግድ ሰምተው አያውቁም። ኑርሃን ግን ስልኳን አውጥታ ካርታ አሳየቻቸው። ከጀውሃ ከተማ ወጣ ብሎ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ትታያለች። በብስክሌት አገር ለአገር የሚዞር አንድ ፈረንጅ በዚያ በኩል ሲያልፍ የደበቀው ሳጥን ነው፤ እስካሁን ያገኘው የለም።

«ማንም አላገኘውም?»

«ማንም።»

«ጀውሃ እዚህ አፍንጫችን ሥር?»

«እዚሁ።»

የጋሽ ሷሊሕ ዓይን በራ። ገና ማንም ያላየውን የሽንኩርት ማሳ ቀድመው ሲሰሙ እንዲህ ነው የሚሆኑት።

መጀመሪያ በስልካቸው ሞከሩ። ኑርሃን ፕሮግራሙን ጫነችላቸውና ከቤታቸው ጀርባ ራሷ የደበቀችውን ባዶ የሻይ ቆርቆሮ እንዲፈልጉ ላከቻቸው። ጋሽ ሷሊሕ ቀስቱን ተከትለው ማንጎው ሥር ሲደርሱ ስልኩ ጮኸ፤ የደሴ ደንበኛቸው ነው፣ የሽንኩርት ዋጋ ይጠይቃል። አውርተው ሲጨርሱ ካርታው ጠፍቷል። እንደገና ሲያገኙት የአዳማው ደወለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ በሮቢት ፀሐይ እንደ ምጣድ ግሎ ራሱን አጠፋ። ቆርቆሮውን እትዬ ጣይባ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው አገኙት።

«ለዚህ ሥራ ማንም የማይደውልበት ዕቃ ነው የሚያስፈልገኝ» አሉ ጋሽ ሷሊሕ።

«አለ እኮ» አለች ኑርሃን። «በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ። ውድ ውድ አለ፤ አንተ ግን ርካሹን ፈልግ። ባለ ቀለም ካርታ አያስፈልግህም። የቦታ ቁጥር የሚቀበል፣ በቀስት የሚያሳይ፣ ፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ ውኃና አቧራ የማይፈራ ይሁን። ባትሪው ደግሞ ከየትም ሱቅ የሚገዛው ባትሪ ድንጋይ ይሁን፤ ገጠር ውስጥ ቻርጅ ፍለጋ እንዳትንከራተት።»

ይህን ብላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች።

ጋሽ ሷሊሕና እትዬ ጣይባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ መስፍን ሱቅ ሄዱ። መስፍን የሚጠየቀውን ነገር ሁሉ «አለ» የሚል ሰው ነው፤ የሌለውንም አለ ብሎ ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ጂፒኤስ ሲሉት ቀናት ቢያስጠብቃቸውም ሦስት ዕቃ አመጣ፤ ባንኮኒው ላይ ጨርቅ አንጥፎም ደረደራቸው።

አንደኛው ትልቅና የሚያብለጨልጭ፣ በጣት የሚነካ ባለ ቀለም ስክሪን ያለው ነው። ሁለተኛው ያረጀ፣ ግራጫ፣ ጎኑ የተፋቀ፣ ቁልፎቹ ከመነካካት ብዛት የላሉ፤ የመንገድ ሥራ ሲያልቅ በጨረታ የተሸጠ ነው አለ መስፍን። ሦስተኛው የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ስክሪን የሌላት፣ ከሁሉም የረከሰች ጥቁር ዕቃ ናት።

ጋሽ ሷሊሕ ሽንኩርት እንደሚመርጡ አድርገው አንድ በአንድ አነሱ፣ መዘኑ፣ ጨመቁ። አሮጌውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ነቀነቁት። ከልማድ ሊያሸቱትም ሲሉ እትዬ ጣይባ በክርናቸው ጎሸሟቸው።

«ይቺ ትንሿ ምን ታሳያለች?» አሉ ጋሽ ሷሊሕ።

«እሷ እንኳ ለእርስዎ የምታሳየው የለም» አለ መስፍን። «ኪስ ውስጥ ትገባለች፤ እርስዎ ያሉበትን ቦታ ቤት ላለው ሰው ስልክ ላይ ትልካለች።»

«እኔ የት እንዳለሁ ለእኔ አትነግረኝም?»

«ለእርስዎ አትነግርም።»

«ታዲያ ምን ትሠራልኛለች?»

እትዬ ጣይባ ትንሿን ዕቃ አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት።

«መስፍኔ፣ ይቺን ጠቅልልልኝ» አሉ።

«አንቺ ሴትዮ!»

«ምን አጠፋሁ? ርካሽ ፈልጉ አላለችም ልጅህ? ያንተ ሳጥን ጠፍቶ የሚጎዳው የለም። አንተ ስትጠፋ የምፈልግህ ግን እኔ ነኝ።»

መስፍን ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ምንም ያልወደቀበትን መሬት ይፈልግ ጀመር። ከብዙ ክርክር በኋላ ትንሿ ዕቃ ወደ ሳጥኗ ተመለሰች፤ ምርጫውም በትልቁና በአሮጌው መካከል ሆነ። ጋሽ ሷሊሕ ግን ሳይሞክሩ አይገዙም። የቤታቸውን በር ቦታ ሁለቱም መሣሪያ ላይ አስመዘገቡ፤ እስከ ሮቢ ወንዝ ሄደው እየተመሩ ሊመለሱ ወሰኑ።

«ቤትዎን ያውቁት የለም እንዴ?» አለ መስፍን።

«እኔማ አውቀዋለሁ። እሱ ማወቁን ነው የምፈልገው።»

መስፍን ለዕቃው ሰግቶ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ተከተላቸው። ከወንዙ ዳር ቆመው መጀመሪያ ትልቁን ከፈቱ። ፀሐዩ ፊት ለፊት ነበርና ስክሪኑ ላይ የታያቸው የራሳቸው ፊት ብቻ ነው፤ ጢማቸው ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። በላብ በራሰ ጣታቸው ሲነኩት ካርታው ሽው ብሎ ሄደና ዙሪያውን ሰማያዊ ሆነ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

መስፍን በእጁ ጥላ ሠርቶ አየ። «ባሕር ነው፣ ጋሼ።»

«ወዴት ነው የሚወስደኝ? ጅዳ?»

ትልቁን መለሱለት። አሮጌውን ሲከፍቱት ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ፀሐዩ ሲበረታ እንዲያውም ጎልቶ ተነበበ። ቀስቱ ቀጥ ብሎ ወደ ቤታቸው ያመለክታል። ቀጥ ብሎ የተባለው በእርግጥ ቀጥ ብሎ ነው፤ መንገድ ምን እንደሆነ አያውቅም። ጋሽ ሷሊሕ ዓይናቸውን ከቀስቱ ሳይነቅሉ የአቶ ተፈራ ቲማቲም ማሳ ውስጥ ገቡ።

«ጋሽ ሷሊሕ! መንገዱ እዚህ ነው!» ይላል መስፍን ከኋላ።

«ቀስቱ እዚህ ነው የሚለው!»

አቶ ተፈራ ከዳስ ሥር ተነስተው መጡ። ሰላምታም አልሰጡ። «ሷሊሕ፣ መሬት መለካት የጀመርከው መቼ ነው? ማን ላከህ?»

ያን ዕቃ እሳቸው ያውቁታል። የመሬት ለኪዎች እጅ ላይ አይተውታል፤ የእነሱ ዕቃ የመጣበት ማሳ ሁሉ ሳያጨቃጭቅ አያድርም። ጋሽ ሷሊሕ ቤታቸውን እየፈለጉ መሆኑን አስረዱ። አቶ ተፈራ የጋሽ ሷሊሕን ቤት ከነቆርቆሮው ከዚያው ሆነው ስለሚያዩት ማስረጃው አልተዋጠላቸውም። ይህን ሲነጋገሩ ጋሽ ሷሊሕ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና የመስኖ ቦይ ውስጥ ገቡ። መሣሪያው ከእጃቸው አምልጦ ጭቃ ውኃ ውስጥ ሰመጠ።

መስፍን ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ የገዙት ነው እንግዲህ!»

ከነጭቃው አወጡት። ጋሽ ሷሊሕ በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉትና አዩት። ቀስቱ አልተነቃነቀም፤ ወደ ቤታቸው እያመለከተ ነው። ደስታቸው ለከት አጣ።

«አየህ መስፍን? እኔ እየወደቅሁ እሱ ቤቴን አልረሳም! ይሄንን ነው የምገዛው።»

አቶ ተፈራም ከቦዩ ሲያወጧቸው ስቀው ኖሮ ቂም ሳይዙ አሰናበቷቸው፤ ወደ ቤት ግን በመንገዱ በኩል እንዲሄዱ አስምለው ነው።

የመሣሪያው ጽሑፍ መስፍንም በግምት እንጂ በቅጡ የማያነበው ቋንቋ ነበር። ኑርሃን በስልክ በተላከላት ፎቶ እየተመራች አስተካከለችላቸው፤ የጀውሃውንም ቁጥር አስገባችላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ባልና ሚስቱ ባትሪ ድንጋይ፣ ውኃና ሙዝ ይዘው በሚኒባስ ወደ ጀውሃ ተነሱ። እትዬ ጣይባ የሚሄዱት ለጨዋታው ብለው አይደለም። ባላቸውን ቦይ ባለበት አገር ብቻቸውን ለመልቀቅ ስላልፈለጉ ነው።

ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ከቆሙት የጭነት መኪናዎች አልፈው በእግር ጉዞ ጀመሩ። የማሾ ማሳ አቋርጠው፣ አንድ ደረቅ ወንዝ ወርደው ወጡ። የሚገርመው በዚህ ሁሉ ጊዜ ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቃቸው ሲገኝ ጋሽ ሷሊሕ ደረታቸውን ነፍተው «ጉዳይ አለኝ» ይላሉ። ስኳሩንም ድካሙንም ረስተዋል። ቁጥሩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ከአንዲት ቤት ፊት ለፊት ካለ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሲደርሱ መሣሪያው ጢጥ አለ።

«ደረስን! አልሐምዱሊላህ!»

ሥሩ የተከመረ ድንጋይ አለ። ጋሽ ሷሊሕ ድንጋዩን አነሱ። ምንም የለም። ከሥሩ ያለውን አነሱ፤ ጊንጥ ወጣች። ዛፉን ዞሩት፣ ቅርንጫፉን አዩ፣ የቁርቁራው እሾህ ኮፍያቸውን ከራሳቸው አነሳው። ሳጥን የሚባል ነገር የለም።

«አልኩህ» አሉ እትዬ ጣይባ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሙዝ እየላጡ። «አሮጌ ዕቃ አሮጌ ነው። ቦይ ውስጥ ገብቶ የወጣ ነገር ደግሞ ልቡ አይመለስም።»

«ቀስቱ እዚህ ነው ይላል!»

«ተፈራ ማሳ ውስጥም እዚህ ነው ሲልህ ነበር።»

ጋሽ ሷሊሕ ተናደዱ። መሣሪያውን እየነቀነቁ፣ እንደ ደንበኛ እየገሰጹ፣ ዛፉን እንደገና ይዞሩ ጀመር። በዚህ መካከል ከፊት ለፊቱ ቤት አንዲት ሴት መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። ሐቢባ ትባላለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለች፤ ዓይኗ ግን መሣሪያው ላይ ነው። «መሬት ልትለኩ ከሆነ ባለቤቴ የለም። እሱ ሳይኖር አንድ ክንድ አይለካም።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ኧረ እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፣ እህቴ።»

«ሽንኩርት ነጋዴ ቁርቁራ ሥር ምን ይፈልጋል?»

ጋሽ ሷሊሕ እውነቱን ቢናገሩ እብድ እንደሚባሉ ታያቸው። ቢዋሹ ደግሞ ምን ብለው? እትዬ ጣይባ ሙዛቸውን ዋጥ አድርገው ገላገሏቸው።

«አንድ ፈረንጅ እዚህ የደበቀው ሳጥን አለ ብለውት እሱን ነው የሚፈልገው፣ እህቴ። ታሟል፤ ሐኪም ነው ያዘዘለት።»

የሐቢባ ፊት በአንድ ጊዜ ተለወጠ። «ሳጥን? ምሳ ዕቃ የሚመስል?»

ሁለቱም ብድግ አሉ። «አይተሽዋል?»

«እኔ ጋ ነው ያለው! ፍየሏ ድንጋዩን ስትንደው አገኘሁት። የሰው ንብረት ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ቤት አስገባሁት። ባለቤቱ መቼ ይመጣል ስል ይኸው አሁን መጣችሁ።»

ጋሽ ሷሊሕ መሣሪያውን አይተው፣ ሚስታቸውን አዩ። የመሣሪያውን አቧራ እፍ ብለው ደረታቸው ላይ እንደ ኒሻን አንጠለጠሉት።

«በይ አምጪልን» አሉ።

ሐቢባ አልተንቀሳቀሰችም። «ውስጡ ምን አለ?»

«እንዴት?»

«አማና ነው፣ ጋሼ። የእኔ ነው ላለ ሁሉ አልሰጥም። ውስጡ ያለውን ይንገሩኝና ይውሰዱ።»

«የእኔ አይደለማ!»

«ካልሆነማ ጭራሽ አልሰጥም።»

ጋሽ ሷሊሕ ወደ ኑርሃን ደወሉ። ስልኩን ከፍ አድርገው ሦስቱም ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ኑርሃን ፈረንጁ የጻፈውን ከኢንተርኔት እየተረጎመች አነበበች።

«አንድ እርሳስ» አለች።

«አለ» አለች ሐቢባ።

«አንድ የውጭ አገር ሳንቲም።»

«አለ። ሴትዮ ያለችበት።»

«አንድ አረንጓዴ የላስቲክ እንቁራሪት።»

«የለም።»

«አባ፣ እንቁራሪት ነው የሚለው» አለች ኑርሃን።

«ወላሂ እንቁራሪት የለም። አረንጓዴ ኤሊ ናት ያለችው።»

«እህቴ፣ እንቁራሪትና ኤሊ እኮ…»

«እኔ ኤሊ አላውቅም? ጀርባዋ ላይ ድንጋይ አላት፤ እንቁራሪት ቤቷን ተሸክማ ትሄዳለች?»

ክርክሩ ረዘመ። ጋሽ ሷሊሕ ፈረንጁን ደግፈው ቆሙ፣ ሐቢባ ኤሊዋን፤ እትዬ ጣይባ ደግሞ ሁለቱንም እያዩ በሳቅ እንባቸውን በሻሽ ይጠርጋሉ። በመጨረሻ ሐቢባ ራሷ ፈረደች።

«እንግዲህ ፈረንጁ የሁለቱን ልዩነት አያውቅም ማለት ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ነውና ይቅር ብለነዋል።» ቤት ገብታም በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ ይዛ ወጣች።

ከፈቱት። ኤሊ ናት። ጋሽ ሷሊሕ ስለ እንቁራሪቷ ዳግመኛ ቃል አልተነፈሱም። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ አንድም ስም አልተጻፈበትም። እርሳሱን ያዙ፣ ከላይኛው መስመር ላይ አስጠጉትና ቆሙ። መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው ብላ ኑርሃን ነግራቸዋለች። ሌሊት ተኝተው ያሰቡት ያቺን መስመር ነበር። ግን ሳጥኑን መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው? ቀና ብለው ሐቢባን አዩ፤ እሷ ለኤሊዋ አቧራ እየጠረገች ነው።

ጋሽ ሷሊሕ እርሳሱን ወደ እሷ ዘረጉ።

«በይ እንኪ። መጀመሪያ ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ጻፊ።»

«እኔ?»

«ፍየሏን ላስጽፍ?»

ሐቢባ እየሳቀች፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየሳለች ስሟን ከላይ ጻፈች። ቀጥሎ ጋሽ ሷሊሕ ስማቸውን ከነአያታቸው፣ ከሥሩ «ሽንኩርት በጅምላ» ብለው፣ ስልክ ቁጥራቸውን ጭምር አሰፈሩ። እትዬ ጣይባ መነጽራቸውን አውጥተው ከሁሉም የሚያምረውን ጽሕፈት ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ነው ችግር የመጣው። ሳጥኑ ወደ ቦታው ይመለሳል ሲሉ ሐቢባ ሳጥኑን እቅፍ አደረገች።

«አማናን ሜዳ ላይ ልጣል?»

«ሕጉ ነው፣ እህቴ።»

«የማን ሕግ? ኤሊን እንቁራሪት የሚል ሰው ሕግ?»

ኑርሃን እንደገና በስልክ ገባች፤ ባለቤቱ ራሱ እዚያ እንዲቀመጥ እንደፈለገ ለሐቢባ አስረዳች። ባለቤቱ ከፈቀደ ሌላ ጉዳይ ነው አለች ሐቢባ። ሳጥኑን በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትታ፣ አፉን በገመድ አስራ፣ ከድንጋዩ ሥር ሸጎጠችው፤ ፍየሏ እንዳትደርስበትም ዙሪያውን እሾህ አጠረችበት። ምሳም ሳይበሉ አልለቀቀቻቸውም። የማሾ ወጥና ቃሪያ በልተው፣ ዙህርን እዚያው ሰግደው ተነሱ። ሲመለሱ ደረቁ ወንዝ ጋ እትዬ ጣይባ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ ዕቃውን አምጣው።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ስትመራ ትወድቃለህ። እኔ ልምራ።»

ጋሽ ሷሊሕ ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧቸው። እትዬ ጣይባ ቀስቱን ይዘው ከፊት ከፊት ሄዱ፤ ባላቸውም ከኋላ እየተከተሉ፣ አካሄዳቸው ቀርፋፋ ነው እየተባሉ ሲወቀሱ ሚኒባስ ተራ ደረሱ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ኑርሃን እየሳቀች ደወለች። ሁለት ብስክሌተኞች በጀውሃ በኩል አልፈው ሳጥኑን አግኝተዋል፤ ኢንተርኔት ላይም ገጠመኛቸውን ጽፈዋል። አነበበችላቸው፤ ዛፉ ሥር ደርሰን መፈለግ ስንጀምር ከፊት ለፊት ቤት አንዲት ሴት ወጥታ በእጇ እያመለከተች ትጮህ ጀመር፤ ወደ ቀኝ ስንሄድ ትቆጣለች፣ ወደ ግራ ስንሄድ ታጨበጭባለች፤ በዓለም ላይ እንደዚህ ቀላል ሳጥን አላገኘንም ይላል።

ጋሽ ሷሊሕ ተበሳጩ። «ጨዋታውን አበላሸችው! ይፈልጉት እንጂ! እኔ ጊንጥ አውጥቼ፣ ኮፍያዬ በእሾህ ተነጥቆ…»

«ተዋት» አሉ እትዬ ጣይባ። «ሰው ፀሐይ ላይ ሲንከራተት እያየች ምን ታድርግ? ምሳስ አብልታቸዋለች ይላል?»

ኑርሃን ወረድ ብላ አነበበች።

«አብልታቸዋለች» አለች።